ሰሙ ከቀፎ ነው

ጧፍ ሲሠራ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ሽታው ከልብሱ ቶሎ አይለቀውም። ሰሙ በረመጥ ላይ ቀስ ብሎ ይቀልጣል፤ እሳት ከበዛበት ይጠቁራል። የተፈተለው የጥጥ ክር አንዴ ይነከርና ይወጣል፤ ጥቂት ይቀዘቅዝና እንደገና ይነከራል። ስንደዶ ከሚያክል ተነሥቶ የእርሳስ ያህል እስኪወፍር ይመላለሳል። ትኩስነቱ ሳይለቀው በመዳፍ ተድቦልቡሎ ይለሰልሳል። ቀለሙ ቢጫ ነው፤ አፍንጫ ሲያስጠጉት የአበባ፣ የጭስና የማር ሽታ አንድ ላይ ይመጣል።

ከጉና ተራራ በምሥራቅና በደቡብ፣ በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አድባራት፣ ይህ ጧፍ ለዘመናት የሌሊቱን ማሕሌት ሲያበራ ኖሯል። መሪጌታው ቅኔውን የሚያቀርበው በእሱ ብርሃን ነበር። የሚያቀርበው ቅኔ ደግሞ ሰምና ወርቅ ይባላል። በእጁም ሰም፣ በአፉም ሰም።

ንብን ያላመሰገነ የግጥም ባህል ማግኘት ይከብዳል። በእኛ ዘንድ ግን ንብ ገና ሳትመሰገን ለገጣሚው የሥራ ዕቃውን ሰጥታዋለች። ጥበቡ የሚጠራበት ስም፣ ትምህርቱ የሚነገርበት ግስ፣ የሌሊቱ መብራት፣ የአዝማሪው መጠጥ፣ ሁሉም የተገኘው ከእሷ ነው። ይህ በአንድ ቀን የሆነ አይደለምና ከጥንቱ ልነሣ።

በአክሱም ዘመን ብሉይ ኪዳን ከግሪክኛ ወደ ግእዝ ሲተረጎም ንብም ከመጻሕፍቱ ጋር ገባች። ግእዙ ንህብ ይላታል፤ ማሯን መዓር። መጽሐፈ ሲራክ የንብን ትንሽነትና የሥራዋን ጣዕም ጎን ለጎን አስቀምጦ ሰውን በመልኩ መመዘን ስሕተት መሆኑን ያስተምራል። የግሪክኛው መጽሐፈ ምሳሌ ሰነፉን ሰው ወደ ጉንዳን ከላከው በኋላ ወደ ንብም ይልከዋል፤ በዕብራይስጡ ንቧ የለችም። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በመጽሐፈ መሳፍንት 14ኛ ምዕራፍ ያለው የሶምሶን ነገር ነው። ሶምሶን አንበሳ ይገድላል። ቆይቶ ሬሳውን ሊያይ ዞር ሲል ውስጡ ንብ ሰፍራ ማር ሞልታበት ያገኛል። ከማሩ ይበላል፤ ለወላጆቹም ይሰጣል፤ ከየት እንዳመጣው ግን አይነግራቸውም። በሠርጉ ቀን ይህንኑ እንቆቅልሽ አድርጎ ለሠርገኞቹ ያቀርባል። ሠርገኛው የሚሰማው ሌላ፣ በውስጡ ያለው አንበሳና ንብ ሌላ። የቅኔ ተማሪ ይህን ታሪክ ሲያነብ የገዛ ቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል።

ከግእዙ ትርጉም ቀደም ሲል፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ29 ዓመት ገደማ፣ ሮማዊው ቨርጂል ስለ ግብርና በጻፈው ረጅም ግጥም አራተኛውን መጽሐፍ ለንብ ሰጥቶ ነበር። በመጨረሻውም ከታረዱ በሬዎች ሬሳ ውስጥ የንብ መንጋ ሲወጣ ይተርካል። ሶምሶንና ቨርጂል በማይተዋወቁ ቋንቋዎች አንድ ነገር አይተዋል፤ ሞት በነበረበት ቦታ ጣፋጭ ነገር ሲገኝ።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ ተነሣ። የጋይንት ሊቃውንት ያሬድ ከንጉሥ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ ዙር አባ መጥቶ ዝማሬውን በዚያ እንደ ደረሰ ይተርካሉ። ዛሬም ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር የሚነሣ ሰው ወደ ዙር አባ ይላካል። ከዚህ ዘመን ስለ ንብ የምለው ጥቂት ነው። ዳዊትን በቃሉ የያዘ ልጅ ሁሉ ግን የእግዚአብሔርን ቃል ከማርና ከማር እንጀራ ጋር እያስተያየ አድጓል፤ ንጽጽሩ አፉ ላይ የተቀመጠው ማር ከመቅመሱ በፊት ሊሆን ይችላል።

በዚህች ምድር ጎረቤት ንብ በግልጥ ወደ ታሪክ የገባችው በዛግዌ ዘመን ነው። ላስታ ከጋይንት በስተምሥራቅ ነው። ከ1181 እስከ 1221 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ ነገሠው ስለ ላሊበላ ገድሉ የሚተርከውን የማያውቅ የለም። በተወለደ ጊዜ ንቦች ሕፃኑን ከበቡት፤ እናቱም ንቦች ንጉሥነቱን አወቁ ስትል ላሊበላ አለችው። በግሪክ ሀገር ደግሞ ገጣሚው ፒንዳር ወጣት ሳለ ተኝቶ ንቦች ከንፈሩ ላይ ማር እንደ ሠሩበት ይነገራል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የሚላኖው አምብሮስ በሕፃንነቱ ንቦች አፉ ላይ ሰፍረው ሳይነድፉት ሄዱ ይባላል። በእነዚያ ሀገሮች ንብ ወደ አፍ ሄደች፤ ገጣሚና ሰባኪም መረጠች። በላስታ የከበበችው መላ ሰውነቱን ነው፤ የመረጠችውም ንጉሥ ነው። የገበሬያችን አጠራር ከዚህ ጋር ይስማማል፤ የመንጋውን መሪ አውራ ይላታል፤ ቃሉ የወንድ ነው። ቨርጂልም ንጉሥ ብሏታል። እንግሊዛዊው ቻርልስ በትለር በ1609 እ.ኤ.አ. ስለ ንብ ባሳተመው መጽሐፍ የቀፎው ገዥ ሴት መሆኗን በርእሱ ሳይቀር እስኪያውጅ ድረስ ብዙው ዓለም በዚያው አስተሳሰብ ኖሯል።

ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ባለው ቢልባላ ጊዮርጊስ ንቦች እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይኖራሉ፤ ማሩም ለድውይ ይሰጣል። ላሊበላ የሚለው ስም፣ አንድ ቃል ብቻ ቢሆንም፣ ስለ ንብ ከተነገሩት ሁሉ የታወቀው የኢትዮጵያ ግጥም ነው ብል አልተሳሳትኩም።

ከዚያ ማሕሌተ ጽጌ መጣ። አባ ጽጌ ብርሃን ደረሰው፤ የደብረ ሐንታው አባ ገብረ ማርያምም አብሮት ደከመበት ይባላል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት፣ በየሳምንቱ ከቅዳሜ ሌሊት እስከ እሑድ ጧት ይቆማል። እመቤታችንና ልጇ በአበባ እየተመሰሉ ይወደሳሉ። ሰዓቱን ልብ በሉ። መስከረም ሲጠባ የጉና ግርጌ፣ የስማዳ ተረተርና የእስቴ ማሳ ዳርቻ በአደይ አበባና በማገጥ ተሸፍኗል። ካህናቱ ውስጥ ሆነው አበባን ሲያወድሱ ንቧ ውጪ ያንኑ አበባ ትቀስማለች። ጽጌ ሲያልቅ ቀፎው ይሞላል፤ የማር ቆረጣው ወቅትም ይደርሳል። የቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠርና የቀፎው አቆጣጠር እንዲህ መገጣጠማቸው የማንም ዕቅድ አይመስለኝም፤ አበባው ሁለቱንም ጠራቸው።

ማር የሚቆረጠው በሌሊት ነው፤ በጨለማ ንብ ትረጋጋለች። ቆራጩ ጋቢውን ተከናንቦ፣ የደረቀ እበት ለኩሶ፣ ከጣሪያው ሥር ወደ ተሰቀለው ቀፎ ይጠጋል። ቀፎው ከሐረግና ከቀጫጭን እንጨት የተጎነጎነ፣ በእበትና በጭቃ የተለሰነ ድቡልቡል ነገር ነው። ክዳኑ ሲነሣ ጭሱ ይገባል፤ መንጋው ጓ ብሎ ወደ ፊት ይሸሻል። ያን ጊዜ በቢላዋ እንጀራው አንድ በአንድ ይነሣል። እጭ ያለበት ይቀራል፤ ለንቧም ስንቅ ይተዋል። የተቆረጠው ዕቃ ውስጥ ሲገባ ወለላው ወደ ታች ይወርዳል፤ ሰሙ እላዩ ላይ ይቆያል።

ይህ ሰም ነው የቅኔን ስም ያወጣው። ሊቃውንቱ የቅኔ መምህራንን ሐረግ ሲቆጥሩ ዮሐንስ ገብላዊንና ተዋነይን ያነሣሉ፤ ዘመናቸውንም ብዙዎች 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላይ ያደርጉታል። መነሻውን ከያሬድ የሚያደርጉም አሉ። መቼም ይጀመር፣ ስሙን የሰጠው የአንጥረኛው ቤት ነው።

አንጥረኛው መስቀል ወይም ጉትቻ ሊሠራ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያነሣው ሰም ነው። በጣቱ ሙቀት እያለዘበ ቅርጹን ያበጃል፤ ሐረጉን ይስላል፤ ጠርዙን ያስተካክላል። ከዚያ በላመ ጭቃ ይለብጠዋል፤ አንዲት ቀዳዳም ይተዋል። ጭቃው ሲደርቅ እሳት ላይ ይቀመጣል፤ የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ይቀልጣልና በቀዳዳዋ ፈስሶ ያልቃል። እሱ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል፤ ወርቁ ይወጣል።

ብዙ ጊዜ ሰምና ወርቅን ስናስረዳ ሰሙን ሽፋን፣ ወርቁን እውነት አድርገን ሰሙን እናቃልለዋለን። አንጥረኛውን ቀርቦ ያየ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። ለወርቁ መልክ የሰጠው ሰሙ ነው። ሰሙ ላይ የጣት አሻራ ከቀረ ወርቁም ላይ ይቀራል፤ ሰሙ ከተጣመመ ወርቁም ጠማማ ነው። መምህሩ የተማሪውን ቅኔ ሲመረምር ሰሙ ላይ አጥብቆ የሚይዘው ለዚህ ነው። ግራና ቀኝ የማይተባበር ታሪክ፣ ያልተስማማ ግስ ይዞ የመጣ ተማሪ፣ ወርቁ የቱንም ያህል ጥልቅ ቢሆን፣ ሄዶ እንዲያርመው ይመለሳል።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በሀገሪቱ ሲዘዋወር የማር ጠጅ በየደረሰበት አግኝቷል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የግራኝ አሕመድ ጦርነት መጣ፤ አድባራት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍት ጠፉ። ከዚያ በኋላ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማው ምልክት አበጁ። የጋይንቷ ቤተልሔምም የድጓ ማስመስከሪያ ሆነች። ድጓን የትም ይማሩት የት፣ ምስክር የሚገኘው ቤተልሔም ነው።

ከዚህ ወዲያ የተማሪው ዘመን ይመጣል፤ እኔም እዚህ ላይ ብቆይ ደስ ይለኛል። ዜማ ለመማር ቤተልሔም፣ ዝማሬ ለመማር ዙር አባ፣ አቋቋም ለመማር ጎንደር ይኬዳል። ቅኔ ግን በጎንጅና በዋሸራ ነው፤ ወይም በዋድላ። ስለዚህ የጋይንትና የስማዳ ልጅ ለቅኔ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይወርዳል፤ ወይም በምሥራቅ በኩል ወደ ዋድላ ይወጣል። የጎጃሙ ልጅ ደግሞ ለድጓው ወደ ጋይንት ይመጣል። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ ከደብር ወደ ደብር ይዞራል። ይህን ዙረት የምንጠራበትን ቃል አስቡት፤ ዕውቀት መቅሰም እንላለን። መቅሰም የንብ ሥራ ነው። ንብ አበባ ትቀስማለች፤ ተማሪ ዕውቀት ይቀስማል። ቃሉን በቀን አሥር ጊዜ እንናገረዋለን፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም በዲስኩራቸው ይጠቀሙበታል፤ ንቧ ግን ትዝ አትለንም።

ሌሎቹም ቃላት እንዲሁ ናቸው። ተማሪው ረፋዱ ላይ ከጎጆው ወጥቶ፣ ዛፍ ሥር ራሱን ተከናንቦ ቅኔ ይቆጥራል። ሲሞላለት ለመምህሩ ይነግራል። የበቃው ደግሞ በማሕሌት መካከል በድንገት ይዘርፋል። ቅኔ ዘረፈ! ይህን ቃል ስሰማ ሁልጊዜ አበባ ላይ የሰፈረችው ንብ ናት የምትታየኝ። ወስዳ አበባውን አትጎዳውም፤ እንዲያውም ፍሬ የሚያፈራው በእሷ ነው። በብሉይ ላይ ቆሞ አዲስ ቅኔ የሚያወጣው ዘራፊም ብሉይን ዳግመኛ ያስፈራዋል።

ከግእዙ ወደ አማርኛው ሲወጣ ንብ ሌላ ስጦታ ጨመረች። በግእዝ መዓርና መሐረ የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአማርኛ የጉሮሮዎቹ ፊደላት ሲወድቁ መዓር ማር ሆነ፤ መሐረም ማረ ሆነ። ስለዚህ ገበሬ ቀፎው ሥር ቆሞ ማር ቢል የሚሻው ወለላውን ነው፤ ኃጢአተኛ መቅደስ ደጅ ወድቆ ማር ቢል የሚሻው ምሕረት ነው። ድምፁ አንድ ነው። ገጣሚ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ እንዴት ዝም ይላል? ተማርም እዚያው አጠገቡ አለ፤ ለፍቅር ማሬ፣ ወለላዬ ማለትም አለ። የወሎዋን ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰን ስሟ ሲጠራ የሚሰማ ሰው ማሩን ከዜማው አስቀድሞ ይቀምሳል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅኔው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወጥቶ መንገድ ላይ ሲጫወት እናየዋለን። የፎገራ ናበጋ ተወላጅ የሆኑት አለቃ ገብረ ሐና ጨዋታቸው ሁሉ በቃል እጥፋት ላይ የቆመ ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን፣ በ1835 እ.ኤ.አ.፣ ፊንላንድ ውስጥ የሕዝቡ የቃል ግጥም ተሰብስቦ ካሌቫላ በሚል መጽሐፍ ታተመ፤ በእሱም የሞተ ልጇን ልታስነሣ የምትደክም እናት ንብን ማር እንድታመጣላት ትልካለች።

የአዝማሪው ቦታ ጠጅ ያለበት ነበር። ጠጅ ደግሞ ለሁሉ አይደርስም ነበር፤ ገበሬው ማሩን በጉንዶ ለገዢው ይገብር፣ እሱ ጠላውን ይጠጣ ነበር። የንቡ ባለቤት ራሱ የማሩን ጠጅ የሚያገኘው ግብር ሲበላ ነበር። ይህ ቅሬታ ሆኖ ወደ ግጥም መግባቱ አይቀርም። ታዳሚው ብርሌውን እንደ ያዘ ተቀበል ብሎ ሁለት ስንኝ ለአዝማሪው ያቀብላል፤ አዝማሪው በማሲንቆው አንሥቶ ያዜመዋል። ላዩ ለጌታው ሙገሳ ነው፤ ውስጡን ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። በቀጥታ የማይነገረው በዚህ መንገድ ተነግሯል። ጠጁ ሲጣል ከላይ የሚሰፍፈውን ሰፈፍ ጠጅ ጣይዋ ታነሣዋለች፤ ተነጥሮ ሰም ይወጣዋል፤ ያም ሰም ለጧፍ ይሆናል። የአዝማሪው መጠጥና የመሪጌታው መብራት ከአንድ እንጀራ የወጡ ናቸው ማለት ነው።

20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሰብሰብ ዘመን ሆነ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የቀደሙና የኋላ ሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው አሳተሙ፤ ከእሳቸው በኋላም መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ ሰፊ የቅኔ መጽሐፍ አዘጋጁ። በአየር ላይ ይበን የነበረው ወረቀት ላይ ሰፈረ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አይርላንዳዊው ቶማስ ፓከንሃም ጋይንት ደርሶ የቤተልሔምን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፣ በክቡ ጣሪያ ውስጥ ተሸሽጎ የቆየውን ሕንፃ አይቶ በ1959 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ለውጭው ዓለም አስተዋወቀ። ክብ ቤት ውስጥ ሌላ ቤት። ሕንፃው ራሱ ሰምና ወርቅ ነበር። በ1965 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን ስለ አማራ ባህል የጻፈውን መጽሐፍ ሰምና ወርቅ ብሎ ሰየመው፤ የአንጥረኛው ቃል በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ይነገር ጀመር።

ሌቪን መጽሐፉን ከማውጣቱ 3 ዓመት በፊት፣ በጥቅምት 1962 እ.ኤ.አ.፣ ሲልቪያ ፕላዝ እንግሊዝ ውስጥ በአንድ ሳምንት ያህል ጊዜ የንብ ግጥሞቿን ጻፈች። አባቷ የንብ ሊቅ ነበር፤ ገና ልጅ ሳለች ሞተባት። እሷም ቀፎ ይዛ ነበር። ስለ ንብ በዓለም የተጻፈውን ስመለከት የእሷ ከጋይንቱ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ይሰማኛል፤ ምክንያቱም ንብን ከሩቅ ያደነቀች አይደለችም፤ ቀፎ የከፈተ እጅ ነው የጻፈው።

በ1965 እ.ኤ.አ. ገደማ ዘመናዊው የንብ እርባታ በሆለታ ተጀመረ። ሣጥኑ ቀፎ ቀስ በቀስ ወደ ገበሬው መንደር ደረሰ፤ የሽግግሩም ቀፎ ተከተለ። ማሩ በዛ፤ ይህ ለገበሬው መልካም ነው። በሣጥኑ ቀፎ ግን ማሩ ብቻ ወጥቶ እንጀራው ለንቧ ስለሚመለስ የሚገኘው ሰም ያንሳል። ከፋብሪካ የመጣው የፓራፊን ሻማ በርካሽ ይሸጣል፤ በብዙ አድባራት ጧፉን ተክቷል። አሁን ደግሞ በማሳ ላይ የሚረጨው ፀረ አረም መጣ። ማገጡን ያደርቀዋል፤ ቀሳሚዋም መንገድ ላይ ትቀራለች። ይህን ሳስብ ልቤ ይቆስላል። አንጥረኛው ሌላ ሰም ያገኝ ይሆናል፤ መሪጌታውም ሌላ መብራት አያጣም፤ ለመቅሰም ግን አበባ ያስፈልጋል።

በጽጌ ቅዳሜ ሌሊት ወደ አንዱ የጋይንት ደብር የሚዘልቅ ሰው ጧፉን አሁንም ያገኘዋል። ማሕሌቱ ሲረዝም ጧፉ እያጠረ ይመጣል፤ የቀለጠው ሰም በያዘው ሰው ጣቶች መካከል ይወርዳል። ተራው የደረሰው ወጣት ዘራፊ ወደ ፊት ይወጣል። ጎኑ የቆመው አዛውንት መሪጌታ ብርሃኑ እንዲደርሰው ጧፉን ወደ ፊቱ ያስጠጉለታል። ወጣቱ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ይጀምራል።